ስለ ግመልና በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነገሮች

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እኛ በአማርኛ «ግመል» የምንለውን ፍጡር ዐረቦች በብዙ ስም እንደሚጠሩት ዕወቅ። ወንዱ «ጀመል»፣ ሴቷ «ናቃህ»፣ መንጋው «ኢቢል» ይባላል፤ «በዒር» ግን «ሰው» እንደሚለው ቃል ወንዱንም ሴቷንም ያጠቃልላል። ደግሞም አንዱ ስም ለሁለት ነገር የሚኾንበት ጊዜ አለ፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

በሱረቱል አዕራፍ በ40ኛው አንቀጽ አላህ የአስተባባዮችና የኩሩዎች ጀነት መግባት ጀመል በመርፌ ቀዳዳ ከማለፉ ጋራ የተያያዘ መኾኑን ነግሮናል። ሰባቱ ቂራአቶች «ጀመል» ብለው ያነቡታል። ከኢብን ዐባስ ግን «ጁመል» የሚል ንባብ ተላልፏል፤ ትርጓሜውም የመርከብ ወፍራም ገመድ ነው። ኢብን መስዑድ ስለ ቃሉ በተጠየቁ ጊዜ የናቃህ ባል ነው ብለው መልሰዋል፤ ጠያቂው ግልጹን ነገር ማወሳሰቡ አስገርሟቸው ይኾናል። እንስሳውም ኾነ ገመዱ በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም፤ የስሙ ሁለት መኾን ለኩሩ ሰው ማምለጫ አይኾነውም።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «በዒር» ነው። በሱረቱ ዩሱፍ የጠፋውን የንጉሥ ዋንጫ ለሚያመጣ ሰው የአንድ በዒር ጭነት እንደሚሰጠው ተነግሯል። አብዛኞቹ ሙፈሲሮች ግመል ነው ሲሉ፣ ሙጃሂድ አህያ ነው ብለዋል፤ በአንዳንድ ዐረቦች አነጋገር አህያም በዒር ይባላልና።

ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ ስለ አገራችን ጥቂት ልንጨምር ወደድን። ግመል የቆላ እንስሳ ነው፤ የመንዝና የግሼ ዳገት አይስማማውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ሃሪስ፣ ከታጁራ በግመል ያስጫነውን ዕቃ ፋሬ ላይ አራግፎ በሰው ትከሻ ወደ አንኮበር አስወጥቷል። የአፋር ጨውም ወደ ደጋ ሲወጣ ከግመል ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወር ነበር። ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሲሸከም፣ የአህያው ሸክም 50 ወይም 60 ኪሎ ነው።

እንግዲህ በኢፋትና በመንዝ መካከል የምትነግድ ወንድሜ ሆይ፣ ሰንበቴ ገበያ ቆመህ «አንድ ጭነት ጨው» ብለህ ስትዋዋል በልብህ ያለው የየትኛው እንስሳ ጭነት ነው? ሰውዬው የግመሉን አስቦ ከፍሎህ ዳገቱን ከወጣ በኋላ የአህያውን ብትልክለት፣ አፍህ አልዋሸም፤ ስሙም ስም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን በልተሃል። አገራችን «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ትላለች። እንዲህ ያለው ሰው ግን ማጎንበስ እንኳ አያስፈልገውም፤ በስም ጥላ ተሰውሮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት በሰለም ውል፣ ይኸውም ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ በሚሰጥበት ሽያጭ፣ ግመል ማለት ብቻ አይበቃም ይላሉ፤ ዘሩ፣ ዕድሜው፣ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ፣ መልኩም መገለጽ አለበት። ጨውና እህልም መጠናቸው በሚዛን ወይም በስፍር የታወቀ ይኹን። ዛሬ ዕቃው በመኪና ቢወጣም ይኸው ነው። ዕዳን መጻፍ በሱረቱል በቀራህ በ282ኛው አንቀጽ ተነግሯልና፣ «ጭነት» በማለት ፋንታ ኪሎውን ጻፍ፤ ሁለት ምስክርም አቁም። ከዚህ ቀደም በስሙ ተጠግተህ ያጎደልህ እንደ ኾነም፣ ሰውዬውን ፈልገህ የጎደለውን አድርስለት፤ ሞቶ እንደ ኾነ ለወራሾቹ ስጥ፤ የመንዙ ሰው ክርስቲያን መኾኑ ይህን ግዴታ አያነሣልህም።