መስታወት የሚያሳየንና የማያሳየን

ትልቅ ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ፈላስፋ መሆን ይወዳል። ስለ ሞትና ስለ ሕይወት፣ ስለ ዕድልና ስለ ነጻ ፈቃድ ለመከራከር ጊዜ አናጣም። የሰው ኅሊና በእውነት የሚፈተነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ዕቃ ከፊቱ ተቀምጦ አንዱን ብቻ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ሲቆም ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ለአንዳንድ አንባቢ ከቁም ነገር የማይቈጠር ቢመስለው አንፈርድበትም፤ ጉዳዩ የመጥበሻ ጉዳይ ነውና።

ኤር ፍራየር የሚባለው የኤሌክትሪክ መጥበሻ በዓለም ገበያ የታወቀው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በርሊን ላይ ለሕዝብ ካሳየው ወዲህ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ከላይ የሚግል ሽቦና ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው የጋለውን አየር በጠባብ ስፍራ ውስጥ በኃይል ስለሚያዞረው፣ ድንቹ ወይም ዶሮው በዘይት ሳይጠልቅ ላዩ ደርቆ ይጠበሳል። የተለመደው ዐይነት ምግቡን የሚይዘው ከብረት በተሠራ መሳቢያ ነው፤ የመሳቢያውም ውስጥ ምግብ እንዳይዝ በልባስ ተቀብቷል፤ ሥራውም የሚፈጸመው በዝግ ነው። አዲሱ ዐይነት ግን ምግቡን በመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ይይዛል፤ የሚያግለው ክፍል እንደ ክዳን ከላይ ይቀመጥበታል፤ ድንቹ ሲገረጣ፣ ሲቀላ፣ ሲጠቁር ከውጭ ይታያል።

ባለ መስታወቱን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ዘወትር ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው «የምበላውን አያለሁ» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ከልባሱ መርዝ እድናለሁ» የሚል ነው። በሌላው ወገን ደግሞ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው የሚስቁ አሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ ስለምን እንደ ሆነ ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ቴፍሎን ተብሎ የሚጠራው ልባስ የተገኘው በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ነው። ሮይ ፕላንኬት የተባለ የዱፖን ኩባንያ ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመራመር፣ ጋዙ በታሸገበት ሲሊንደር ውስጥ ወደ ነጭ ዱቄት ተለውጦ አገኘው። ይህ ዱቄት ከምንም ነገር ጋር አይዋሐድም፤ አሲድ አይበላውም፤ ምግብም አይጣበቅበትም። ከመጥበሻ ላይ ተፍቆ በስሕተት የተዋጠ ቅንጣት እንኳ ሳይለወጥ ከሰውነት ይወጣል። ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሄድ ግን መፈራረስ ይጀምራል፤ እጅግ ሲግል የሚወጣው ጢስ የሰውን ሳንባ ያውካል፤ በቤት ውስጥ ያሉ ወፎችንም ይገድላል። ኤር ፍራየር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ200 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ፣ በደንቡ ለተጠቀመበት ሰው ከልባሱ ወደ ሆዱ የሚደርሰው አደጋ አነስተኛ ነው። እንዲያውም ለሆዱ የሚሠጋ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. የስዊድን ሊቃውንት እንዳስታወቁት፣ ድንችና ዳቦን የመሰለ ስታርች ያለበት ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር ይፈጠርበታል፤ ምግቡ በጠቈረ መጠንም ይበዛል። ይህ በብረቱም በመስታወቱም ያው ነው። ልባሱን ፈርቶ መስታወት የገዛ፣ ድንቹን ግን ከሰል እስኪመስል አጥቍሮ የሚበላ ሰው ፍርሃቱን ያለ ቦታው አውሎታል።

«የምበላውን አያለሁ» የሚለውም ቃል ቢሆን መመርመር ይገባዋል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የድንቹ መልክ ነው፤ ይህም ጥቅም አለው፤ ድንቹ ወርቅ ሲመስል አውጥቶ ከመጥቈር ማዳን ይቻላልና። መስታወት ግን ሌላውን ያሳያል እንጂ ራሱን አያሳይም። ሙቀት የሚችለው ቦሮሲሊኬት የተባለው መስታወት፣ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የደከመበት ሥራ ነው። ወደ ማዕድ ቤት የገባበትም ታሪክ ደስ ያሰኛል። በ1913 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮርኒንግ ፋብሪካ ተመራማሪ ሚስት የነበረችው ቤሲ ሊትልተን፣ ባሏ ቈርጦ ባመጣላት የባትሪ ማሰሮ ቂጥ ኬክ ጋገረችበት፤ ፋብሪካውም በ1915 ዓ.ም. ፓይሬክስ የተባለውን ዕቃ ለገበያ አወጣ። ይህ መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጠው ከተራው መስታወት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ይሁን እንጂ ዛሬ ለማዕድ ቤት ከሚሸጠው መስታወት ሁሉ እንዲህ ያለው አይደለም፤ ተራው መስታወት በሙቀት ጠንክሮ የሚሸጥበት ብዙ ነው፤ ሁለቱንም በዐይን ለይቶ ማወቅ ለገዢ ቀላል አይደለም። ባለ መስታወት ከሚባሉትም ኤር ፍራየሮች አንዳንዱ ከሥሩ ምግቡ የሚቀመጥበት ልባስ ያለው ዝርግ ብረት አለው። ገዢው በመስታወቱ ጥራት ተማርኮ ይህን ሳያየው ይቀራል። የሚታይ ነገር ብዙ ጊዜ ዐይንን የሚያረካው ከዚያ ወዲያ እንዳይጠይቅ በማድረግ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የጥንቃቄ እንጂ የምግባር ጥያቄ አልነበረም። ለራስ ጤና መጠንቀቅ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ብልህነት ብቻውን ሰውን ደግ አያሰኘውም። ነገሩ የምግባር ጥያቄ የሚሆነው በመጥበሻው ውስጥ የማይታየውን ሰው ስናስብ ነው።

በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ፓርከርስበርግ በምትባል ከተማ አጠገብ ቀድሞ የዱፖን የነበረ ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ቴፍሎንን ለመሥራት ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የተባለ ኬሚካል ይጠቀም ነበር። ኬሚካሉ በተጠናቀቀው መጥበሻ ላይ ከሞላ ጎደል አይገኝም፤ በፋብሪካው ዙሪያ ባለው ውኃ ውስጥ ግን ይገኛል። ዊልበር ቴናንት የተባለ ገበሬ፣ ከቤተ ሰቡ ተገዝቶ የፋብሪካው ቈሻሻ ከሚጣልበት መሬት የሚወርደውን ጅረት የጠጡ ላሞቹ እየታመሙ ሲያልቁበት፣ በ1998 ዓ.ም. ሮበርት ቢሎት ወደ ተባለ ጠበቃ ሄደ፤ በሚከተለውም ዓመት ክስ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ወደ 69,000 የሚሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች ደማቸውን ለምርመራ ሰጡ። ነገሩን እንዲያጠኑ የተመረጡት ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. ምርመራቸውን ሲፈጽሙ፣ ኬሚካሉ የኩላሊትና የቈለጥ ካንሰርን እንዲሁም የታይሮይድ በሽታን ጨምሮ ከስድስት ሕመሞች ጋር ግንኙነት ሳይኖረው እንደማይቀር ፈረዱ። በ2017 ዓ.ም. ዱፖንና ከእርሱ ተከፍሎ የወጣው ኬሞርስ ጥፋተኝነታቸውን ሳያምኑ 3,550 ያህል ክሶችን ለመዝጋት 670 ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍ ገንዘብ ለመክፈል ተስማሙ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህንኑ ኬሚካል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መደበው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። መጥበሻውን የገዛችው የቤት እመቤት ዕንቍላሏ ሳይጣበቅባት ተደስታ ኖረች፤ የከፈለችውም ዋጋ በወረቀት የተጻፈውን ብቻ ነበር። የቀረውን ዋጋ የከፈሉት እርሷ ስማቸውን የማታውቃቸው፣ ከወንዙ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። የምግባር ጥያቄ የምንለው ይህ ነው። የአንድ ሰው ምቾት በሌላ ሰው ጕዳት ተገዝቶ ሲገኝ፣ ጕዳቱ ከዐይን መራቁ ገዢውን ነጻ ያወጣዋልን?

«አያውቅማ!» የሚል ቢኖር፣ ማወቅም ብቻውን እንደማይበቃ ከራሳችን ቤት ምሳሌ እናቀርባለን። የእኛ አገር ሴቶች ምግብ የማያስይዝ ልባስ ቴፍሎን ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት ያውቃሉ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲገዛ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ በየጋገራውም መካከል ምጣዱ በማሰሻ ይታሻል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ዛሬ በኤሌክትሪኩ ምጣድ ላይ እንኳ ይኸው ሥራ አልቀረም። ከዚህም በላይ ምጣዱን ማን እንደ ሠራው ገዢዋ ታውቅ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ ራስዋ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ ታመጣዋለችና። ታዲያ ይህች በዐይን የምትታይ፣ በስም የምትታወቅ ሴት ምን ተደረገች? ቡዳ ተባለች፤ ከማዕድ ተለየች፤ ልጇም ለጋብቻ አልተፈለገችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር፣ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! ስለዚህ መጋረጃው ቢገለጥ ሰው በራሱ ደግ ይሆናል ማለት የዋህነት ነው። እንጀራውን እየበሉ ምጣዱን የሠራችውን እጅ የሚጸየፉ ሰዎች የጐደላቸው መስታወት አልነበረም።

መስታወትስ ራሱ ንጹሕ ነውን? አይደለም። አሸዋውን የሚያቀልጠው እቶን ከ1,500 ዲግሪ በላይ እየጋለ ቀንም ሌሊትም ይነዳል፤ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ ጢሱም የሆነ ሰው ሰማይ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ሁሉም ዕቃ ጕዳት ስላለበት ሁሉም እኩል ነው ብሎ መደምደም የሰነፍ ፍርድ ነው። የእቶን ጢስ በተሻለ እቶን ሊቀነስ ይችላል፤ እቶኑም ሲጠፋ ይቆማል። እንደ ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. ያለው ነገር ግን በተፈጥሮ አይፈርስም፤ ከወንዝ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በአሜሪካ አገር ከሞላ ጎደል በሰው ሁሉ ደም ውስጥ ተገኝቷል። ሊታረም በሚችልና ሊመለስ በማይችል ጥፋት መካከል ልዩነት አለ፤ እኛም ወደ መስታወቱ የምናደላው ስለዚህ ነው።

«የአንድ ሰው መግዛትና አለመግዛት ፋብሪካን ያቆማልን?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ በተለይ የመንግሥት ሠራተኞች ለሆንን ሰዎች። በእውነትም ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ.ን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ያስወጣው የገዢዎች ጥንቃቄ አይደለም። የዚያ አገር መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ከስምንት ኩባንያዎች ጋር ባደረገው ስምምነት እስከ 2015 ዓ.ም. እንዲተው ተደርጓል። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት በስቶክሆልም ስምምነት ውስጥ ከሚወገዱት ኬሚካሎች ጋር ተመዘገበ። ስለዚህ አንድ ሕግ አርቃቂ ወይም አንድ የጉምሩክ ሹም በመዝገቡ ላይ በትጋት ቢሠራ፣ ሺሕ ጠንቃቃ ገዢዎች ከሚሠሩት ይልቅ ይሠራል። ሆኖም ሕግ ስም ጠርቶ ስለሚከለክል ሌላ ስም ያለው ነገር ያመልጠዋል። ጄንኤክስ በሚል ስም በፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. ፋንታ የተተካው ኬሚካል በሰሜን ካሮላይና በኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገልጧል። ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ከኅሊና በቀር የሚፈርድ አይኖርም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ባለ መስታወቱን የገዛ ቤተ ሰብ አሮጌውን መሳቢያ ምን ያደርገዋል? በከተማችን ልማድ የሚሠራ ዕቃ አይጣልም፤ ለቤት ሠራተኛ ወይም ከገጠር ለመጣ ዘመድ ይሰጣል፤ ያለዚያ በደጅ ሲጮህ ለሚያልፈው ቆራሌው ይሸጣል። ሰጪውም ተመርቆ ይገባል። ነገር ግን ይህ ሰው ባለ መስታወቱን የገዛው መርዝ ፈርቶ ከሆነ፣ ለራሱ ልጆች የፈራውን ለሠራተኛዪቱ ልጆች እንዴት አልፈራም? ምርቃቱን የተቀበለው በምን ምክንያት ነው? ምርጫው ስለ ወንዙ ሰዎች ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሳቢያው የሚያደርሰው ጕዳት አብዛኛው በተሠራበት ቀን ደርሷል፤ ገና ያልተላጠ ከሆነ ባለቤቱ እስኪያረጅ ድረስ ቢሠራበት ወይም አዲስ ሊገዛ ለተነሣ ሰው ቢሰጠው፣ አንድ ሌላ መሳቢያ እንዳይሠራ ያደርጋል። ተግባሩ በውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ አሮጌ መጥበሻ ከእጅ ወደ እጅ አልፏል። አንዱ ግን ሥጋቱን ወደ ድኻ ቤት አሻገረ፤ ሌላው አንድ ዕቃ ከብክነት አዳነ። በሁለተኛው መንገድ የሚሰጥ ሰው መናገር ያለበት ነገር አለ፤ ባዶውን እንዳታግዪው፣ በብረት ማንኪያ እንዳትፍቂው፣ ልባሱ መላጥ ከጀመረም ሌላ እስክናገኝ በሸክላው ሥሪ ይበላት። በመስጠቱ የሚያፍርበት ነገር ከሌለው፣ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ለመናገር አይከብደውም።