የአምስት ደቂቃ እውነት

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሉዊዝ ሬኒሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ልብ ወለድ የ14 ዓመቷ ጆርጂያ ኒኮልሰን የውሎ ማስታወሻ ነው። ጆርጂያ የወይራ ፍሬ መስላ ግብዣ ትሄዳለች፤ ቅንድቧን ትላጫለች፤ ሮቢ የሚባል ከእሷ ከፍ ያለ ልጅ ታፈቅራለች፣ እሱ ደግሞ ሌላ አለችው። እኔን ከታሪኩ ይበልጥ የሚይዘኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ማስታወሻው በቀን ሳይወሰን በደቂቃ ይከፋፈላል፤ ቆርጣ የተነሳችበትን ነገር አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትተወዋለች። አንባቢም ይስቃል።

ለምን? ልጅቷ ስለምትዋዥቅ ነው ይባል ይሆናል። ቶሎ የሚለወጥ ስሜት ከልብ አይደለም የሚል እምነት አለን፤ ታላላቆች ለሚያለቅስ ወጣት «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» የሚሉትም ከዚሁ ተነስተው ነው። እኔ አልቀበለውም። ሲነጋ የተሻለው የጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ አሟል። የስሜት እውነተኛነት በዕድሜው የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚሰማውን ከልቡ ነው ብሎ በሕይወት ሳለ መናገር የሚችል ሰው ባልኖረ ነበር።

ጽናት ብቻውን እውነተኛነትን እንደማያረጋግጥ ደግሞ ሌላ የፍቅር ማስታወሻ ያሳያል። ዴንማርካዊው ፈላስፋ ሶረን ኪርከጋርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው «ወይ ይህ ወይ ያ» ውስጥ ዮሐንስ የሚባል አማላይ ኮርዴሊያን እንዴት እንደሚያጠምዳት ቀን በቀን ይመዘግባል። ያጫታል፤ መተጫጨቱን ራሷ እንድታፈርሰው ያደርጋል፤ ከአንድ ሌሊት በኋላም ይተዋታል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሐሳቡን አልለወጠም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ማስታወሻ ጸሐፊዎች መካከል ወዳጅ ልንለው የማንችለው እሱን ነው። ጆርጂያ ባንዱ ደቂቃ ስትመኝም በሌላው ስትምልም አታሰላም፤ ሁለቱንም ከልቧ ነው የምትለው።

ታዲያ ሳቃችን ንቀት ነው? አይመስለኝም። እኛ የምንበልጣት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንደሚያልፍ እናውቃለን። ያ ዕውቀት ግን ሐዘኗን አያሳንሰውም፤ እሷ ያለችበት ቦታ ሆነን ስንሰቃይ እኛም አላወቅነውምና። እ.ኤ.አ. በ1951 የተወለደችው ሬኒሰን መጽሐፉን ያወጣችው ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። የዚያን ዕድሜ ማስተዋል ለጆርጂያ ማበደር ትችል ነበር። አላበደረቻትም፤ ይህን እንደ ትልቅ አክብሮት እቆጥረዋለሁ።

ተከታታዩ እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ 10 መጻሕፍት ሆነ። በአንዳቸውም ያደገችው ጆርጂያ መጥታ ትንሿን አታርማትም። ያቺ ሴት ብትመጣ ኖሮ ልጅቷን የምናምናት በእሷ ምስክርነት ብቻ በሆነ ነበር።