የሚያመልጠው ሙቀትስ ኢስራፍ አይደለምን?

 

ውዱእ ስናደርግ ውኃ እንዳናበዛ ከልጅነታችን ተምረናል። ኢስራፍ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ታዲያ በጣሪያችንና በግድግዳችን በኩል ሌሊቱን ሙሉ የሚያመልጠው ሙቀትስ? ጥያቄውን የማነሳው ፈትዋ ለመስጠት ሳይሆን አብረን እንድናስተነትን ነው።

ዲክሲስን እንመልከት። አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። የሣር ክዳን ቤት ሙቀት ይይዛል፤ ሆኖም ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው፣ በየጊዜው መታደስ ይሻል፣ ሣሩም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቆርቆሮ የመረጠ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን ባዶ ቆርቆሮ ሙቀት አያቆይም። ጉድለቱን የሚሞላው በምድጃ የሚነደው እንጨትና ኩበት ነው። እንጨቱን በጀርባዋ የምታመጣው እናት ናት፤ ጢሱንም የምትውጠው እሷው ናት፤ ኩበቱም ባይነድ ኖሮ ለማሳው ፍግ በሆነ ነበር። ቤት አሠሪው አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ነዋሪዎቹ ግን በየሌሊቱ ይከፍላሉ።

ይህን ሒሳብ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሙስሊም አርክቴክት ነበር። ግብጻዊው ሐሰን ፈትሒ (እ.ኤ.አ. በ1989 የሞተ) ሲሚንቶና ብረት የድኻውን አቅም እንደሚፈትኑ አይቶ ወደ ጭቃ ጡብ ተመለሰ። ያለ እንጨት በጡብ ብቻ ጣሪያ የመሥራትን ጥበብ ከኑቢያ ግንበኞች ቀሰመ። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ከውጭ ያስቀራል፤ የነፋስ መቀበያውም ቤቱን ያቀዘቅዛል። በእኛም አገር ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የሕንጻ ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ተሠርቷል። ጭቃ የውርደት ምልክት አይደለም ማለት ነው።

ሆኖም ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር ሲሠራ፣ ከነባሩ መንደር ብዙዎቹ አንገባም አሉ። መንግሥት ከጥንታዊ መቃብሮች አካባቢ ሊያነሳቸው ፈልጎ ነበር፤ የብዙዎቹ መተዳደሪያ ግን እዚያው ነበር። መልካም ዕውቀትም ሹራ ካልተጨመረበት ባዶ ቤት ያስቀራል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ! ቤት ልትሠራ ስታስብ በቅድሚያ ባለቤትህን አማክራት፤ የምድጃውን ሸክም የምታውቀው እሷ ናት። መስኮቱን ወደ ፀሐይ አዙር። ስንጥቁን ጭድ በገባበት ጭቃ ድፈን። ለበሩ ጌጥና ለግቢው ቀለም ያሰብከውን ገንዘብ አስቀድመህ ለኮርኒስ አውለው። ቀለሙን የሚያየው አላፊ አግዳሚው ነው፤ ከኮርኒሱ ሥር የሚያድረው ግን አላህ ዘንድ የምትጠየቅበት ቤተሰብህ ነው። ያቅሙን አድርጎ ያልቻለ አይወቀስም፤ እየቻለ ለታይታ ያዋለ ግን ነፍሱን ይመርምር።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የሰኪና ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።