ከኃያላን ፉክክር በኋላ የቀረው

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በነፋስ ስልክ፣ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ኢሕአዴግ ከተማዋን ከያዘ ሳምንቱ፣ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ከሸሹም ሁለት ሳምንት ሆኖ ነበር። ጦርነቱ ያልነካቸው ቤቶች በሰላም ቀን ፈረሱ፤ መቶ ያህል ሰዎችም አለቁ። አደጋውን ሊቀርጹ ከሄዱት ጋዜጠኞች መካከል የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሲሞት፣ የ1977ቱን የኮረም ረኃብ ለዓለም ያሳየው መሐመድ አሚን አንድ ክንዱን አጣ።

ለመሆኑ የዚህ ጥፋት ባለዕዳ ማን ነው? በ1945 በተደረገው ውል አሜሪካ አሥመራ ላይ የቃኘው ጣቢያን መብት ስታገኝ፣ ኢትዮጵያ በልዋጩ መሣሪያ አገኘች። ጣቢያው በ1969 ተዘጋ። በ1970፣ የሶማሊያ ወረራ በተፋፋመበት ወራት፣ የሶቪየት ኅብረት አውሮፕላኖችና መርከቦች ታንክና መድፍ ያራግፉ ጀመር። የሚያስገርመው፣ ወራሪው ጦር የታጠቀውም የዚያችኑ አገር መሣሪያ ነበር!

መሣሪያው ከባሕር ማዶ የሚመጣለት መንግሥት ከገበሬው ግብሩንም ልጁንም መውሰዱን አይተውም፤ የሚተወው ፈቃዱን መጠየቅ ነው። የልዕለ ኃያላን ፉክክር ያደረሰው ዋነኛ በደል ከጥይቱ ይልቅ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ የታወጀው ሞስኮ እጇን መሰብሰብ በጀመረችበት ሰዓት ነው፤ የአገሬው ሰው እሮሮ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰሚ አጥቶ ኖሯል።

ፉክክሩ ሲያበቃ ታዲያ ነጻነት በራሱ ጊዜ መጣን? በ1983 የአሜሪካው ባለሥልጣን ኸርማን ኮኸን እርዳታ ከዴሞክራሲ ጋር እንደሚተሳሰር ተናገሩ፤ በ1987ም ሕገ መንግሥት ጸና። ይህ የሚናቅ አይደለም። በጎረቤት ሶማሊያ ግን ዚያድ ባሬ በጥር 1983 ሲወድቁ መንግሥት የሚባል ነገር አብሮ ፈረሰ፤ መሣሪያው በየጎሣው እጅ ቀረ። ኢትዮጵያና ኤርትራም በ1990 ያለ አንዳች ልዕለ ኃያል ግፊት ተዋጉ። ጌታ ሲሄድ ሎሌነት ይቀራል እንጂ ዜግነት በቦታው አይበቅልም፤ ዜግነት ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ያ ሥራ ሳያልቅ ሌላ ፈላጊ መጣ። ከመስከረም 1994 በኋላ ዋሽንግተን በሽብርተኞች ላይ ዘመቻ ስትከፍት አዲስ አበባ እንደገና ተፈላጊ ሆነች። የ1997ቱ ምርጫ በደም ቢጨማለቅም የጸጥታ ትብብሩ አልተቋረጠም። በታኅሣሥ 1999 ጦሩ ወደ ሞቃዲሾ ሲዘልቅ ፓርላማው አስቀድሞ ፈቃዱን ሰጥቶ ነበር። አዲስ አበባን በምርጫ ያሸነፈው የቅንጅት መሪዎች ግን በዚያን ጊዜ ከነፋስ ስልክ ወደ ደቡብ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነበሩ።