የሰማዕታትን ሞት በገዳዮቻቸው ዓይን ማየት ይገባልን?

«ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃል ምስክር ማለት ነው። ምስክርነቱን የሚሰጠውም የሚሞተው እንጂ የሚገድለው አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ በወላይታ፣ በሁምቦ ወረዳ ከገጠመኝ ነገር የተነሣ ነው።

ባለፈው ዓመት በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በስልኩ የያዘውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር። ይኸውም በሊቢያ የነበሩ ወንድሞቻችን ስለ ክርስትናቸው ሲታረዱና በጥይት ሲመቱ፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ቀርጾ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ያሰራጨው ነው፤ ያም ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። በዚያ ጊዜ መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ፤ በአዲስ አበባም የቂርቆስ ሰፈር ሰው ልጆቹን የለየው ከዚያው ምስል ነበር። ከወጣቱ ኋላ፣ ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀምሮ ድምፁ የጠፋባቸው እናት ቆመው ኖሮ፣ ምስሉን አይተው ወደቁ። ደግፈን ወደ ደጀ ሰላም አገባናቸው።

ወጣቱን ብገሥጸው፣ «አባታችን፣ ስንክሳር በየዕለቱ የሰማዕታትን ደም ይነግረን የለምን? ይህም ገድላቸው ነው» አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኔም በ2007 ዓ.ም. ያንኑ ምስል «ተመልከቱ» ብዬ ለካህናት ባልንጀሮቼ ልኬው ነበርና፣ አፌ ተያዘ።

ገድልን የሚጽፈው ማነው ቢሉ፣ የሰማዕቱ ወዳጅ ነው። ስሙን፣ አገሩን፣ ጸሎቱን ይጽፋል፤ ደሙን የሚያነሣውም ስለ እምነቱ ነው። ያን ምስል የቀረጸው ግን ገዳዩ ነው። የወንድሞቻችን ፊት በዚያ የተቀመጠው የገዳዩን ንግግር ለማድመቅ፣ የሚያየውን ለማስፈራትና መሰሎቹን ለመመልመል ነው። እንግዲህ ሰው በኀዘን ቢልከውም፣ ለተቀባዩ የሚደርሰው የቀራጩ መልእክት ነው። ሳውል በእስጢፋኖስ ላይ ድንጋይ አልወረወረም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ እንጂ። ልብሱን በመጠበቁ ግን እጃቸውን አቀለለላቸው።

ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥላቻን የሚያሰራጭ ነገር በተነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ደግሞ ለሽብር ምስል የሚሰጠው 1 ሰዓት ብቻ ነው። (ሹማምንት ይህን ሥልጣን ይዘው የተበደለውን ሰው አቤቱታ አብረው እንዳይደመስሱ የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ለፍርድና ለታሪክ የሚሆን ቅጂም በታማኝ እጅ ሊቀመጥ ይገባል።) ነገር ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ፣ በክራይስትቸርች ከተማ፣ በመስጊድ የነበሩ 51 ሰዎችን የገደለው ሰው ግድያውን በፌስቡክ በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ ድርጅቱ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ አነሣ። ገዳዩ ያስተላለፈው አንድ ጊዜ ነበር፤ የቀረውን ያባዙት በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ወጣቱ ምስሉን ከስልኩ አጠፋ። በሚመጣው ዳግማይ ትንሣኤ ስማቸው የታወቀውን ወንድሞች ስም ጽፎ በጉባኤ እንዲያነብ ጠየቅሁት፤ እሺ አለ። እኔም በ2007 ዓ.ም. ለላክሁላቸው ካህናት እየደወልሁ «አጥፉት» እላለሁ። ከእነርሱ ሁለቱ ዐርፈዋል፤ ስልካቸው ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም።