የመጀመሪያው ቀን መንገድ

ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ፥ እመቤታችንና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄዱ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። ከዘመድ ከወዳጅ መካከል ፈልገው ባጡትም ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ። ይህን ማንሣታችን እነርሱን ለመንቀፍ አይደለም፥ ይራቅልን፤ ራሳችንን ለመመርመር ነው እንጂ።

መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለሚነሡ ምእመናን የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው፤ እስከ ደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጠዋት የሚያልፉባትን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ግማደ መስቀሉን በግሸን ያኖረው ንጉሥ ነውና፥ በረከቱ ገና ከመንገዱ ይጀምራል። ከዚያም ጣርማ በር ይደረሳል፤ ዋሻው ታልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ መዝሙሩ ይደምቃል።

ነገር ግን ምእመናን ሆይ፥ ጌታ በማኅበራችን መካከል አለን? ጎልማሳው ተጋፍቶ የፊቱን ወንበር ሲይዝ፥ አንዲት ባልቴት እናታችን ከኋላ ጎማው ላይ ተቀምጠው በየጠመዝማዛው ሲንገላቱና ሲያስመልሳቸው፥ ከበሮው ግን ሳያቋርጥ ሲመታ አይተናል። እርሱ ራሱን ከታመሙትና ከእንግዶች ጋር እንደ ቈጠረ እያስተማርን፥ ከፊት ሆነን እንዘምርለታለን። እመቤታችን ልጇን ፍለጋ የአንድ ቀን መንገድ ተመለሰች፤ እኛን ሦስት ወንበር ወደ ኋላ መሄድ ያቅተናል።

ቀድሞ በእግር ይሄድ የነበረው ሰው ድካሙን መባ አድርጎ ያቀርብ ነበር፤ ዛሬ ድካሙን መኪናው ወስዶልናል። እንግዲህ የጉዞው አስተባባሪዎች መኪናው ደብረ ብርሃን ለቁርስ ሲቆም ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን ወደ ፊት ያምጡ፤ ይህም ቁልቁለቱ ሳይጀመር ይሁን።