ጆበርግ ስንት ሰዓት ነው?

ከሐዋሳ እስከ ጆሃንስበርግ ምን ያህል ይርቃል? ጥያቄው የጂኦግራፊ ይመስላል። እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እንላለን። ለምን? እስቲ አብረን እንመርምረው።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከቦሌ ተነስቶ ጆሃንስበርግ ኦ. አር. ታምቦ አይሮፕላን ማረፊያ ለመውረድ ደግሞ በአየር 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢበዛ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቁርሱን ቦሌ የበላ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል ማለት ነው።

ይህ አንዱ ቁጥር ነው። ሌላም አለ። ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት በከተማችን ያልፋል። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከዙሪያው ገጠር የተነሱ ወጣቶች በሞያሌ በኩል እየወጡ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጠው ወደዚያችው ጆሃንስበርግ ይጓዛሉ። ለእነሱ መንገዱ ሳምንታት ነው፤ እስር ከገጠማቸው ወራት ይሆናል። ጭራሹን የማይደርሱም አሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ኢትዮጵያውያን ተገኙ። 64ቱ ሞተዋል፤ አየር አጥሯቸው። በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ።

ምድር ያው ምድር ናት፤ ለአንዱ አጥራ ለሌላው አልረዘመችም። መንገዱን ያስረዘመው ወረቀት ነው፤ ቪዛ ማግኘትና ማጣት። ድሀ ስለሆነ ርካሹን መንገድ መረጠ እንዳንል እንኳ፣ ለደላላ የሚከፈለው ብር ከአይሮፕላን ቲኬቱ ይበልጣል። ጥማድ በሬ ተሸጦ፣ ማሳ በወለድ አገድ ተሰጥቶ የሚገዛው እንግዲህ ረጅሙ መንገድ ነው።

“አገር ሁሉ በሩን የመጠበቅ መብት አለው፤ ልጁም ወዶ ነው የሄደው” የሚሉን አሉ። የመጀመሪያውን እንቀበላለን። ሁለተኛው ግን ያጠራጥራል። ሰው ወዶ ሄደ ለማለት ምን እንደመረጠ ማወቅ አለበት። ልጁ ምን ያውቃል? የደረሱትን ያውቃል። የደረሰው ፎቶግራፍ ላከ፣ ለአባቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ያልደረሰው ፎቶግራፍ አይልክም። ደላላውም ቢሆን የመንገዱን ነገር አሳጥሮ ነው የሚያወራው። እንዲህ የተመረጠ ነገር ከምርጫ ይልቅ ለመታለል ይቀርባል።

እኛስ? ለክረምት አገር ቤት ስንገባ ታናናሾቻችን ከብበው ይጠይቁናል፤ “እናንተ ተምራችኋል፣ ጆበርግ ስንት ሰዓት ነው?” ይሉናል። “አምስት ሰዓት ተኩል” ብንል አልዋሸንም። ዳሩ ግን ያ የባለቪዛው ሰዓት ነው፤ የጠያቂው አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች እያወቅን አንዱን ብቻ ብንናገር፣ የቀረውን ደላላው ይሞላዋል።

“አትሂድ” ለማለት ሥልጣኑ የለንም፤ የሚሠራውን ሥራ አልሰጠነውምና። ሁለቱን ቁጥሮች ግን ልንነግረው እንችላለን፤ ስለ ቴቴም ጭምር። መንገዱ የራሱ ነው፤ ርዝመቱን ሳያውቅ እንዳይነሳ ማድረግ ግን የኛም ዕዳ ነው።